የዳክዬ ጠመንጃ ያልደረሰበት አገር፦ በቢቸናና በሞጣ የመሣሪያ ምርጫ ታሪክ



የዛሬውን ንግግር ከጎጃም ሳይሆን ከቤልጅግ አገር ብጀምር ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኤርስታል በምትባል ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተመሠረተ። የተመሠረተው ለቤልጅግ መንግሥት የሞዘር ጠመንጃ ለመሥራት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በጠባይ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት መሣሪያዎች ከዚሁ ፋብሪካ ወጡ። አንደኛው ጆን ብራውኒንግ የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ የተመረተው፣ ፈረንጆች ሾትገን ከሚሉት ወገን የሆነው የአደን ጠመንጃ ነው። በብዛት ተመርቶ የሰመረለት የመጀመሪያው ከፊል አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ ይኸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በብዙ ሺህ የገዛው የሞዘር ዘር ጠመንጃ ነው። የአገራችን ሰው ይህንን በተሠራበት አገር ስም ቤልጅግ ብሎ ጠራው።

ቤልጅግ ቢቸና ደረሰ፤ ሞጣም ደረሰ። በፉከራና በቀረርቶ ስሙ ተነሣ፤ በኑዛዜ ከአባት ለልጅ ተላለፈ። ከአንድ ደጃፍ የወጣው የዳክዬ ጠመንጃ ግን በምሥራቅ ጎጃም ስም እንኳ አላገኘም። ለውጅግራ፣ ለምንሽር፣ ለአልቤንና ለሰናድር ስም ያወጣ ሕዝብ ለዚህኛው ስም ሳያወጣ ቀረ። ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለምን?

ጥያቄው የቀልድ ሊመስል ይችላል። አንዳንድ ባልደረቦቼም ርእሱን ሲሰሙ ፈገግ ብለዋል። እኔ ግን ስለ ጎጃም የጠመንጃ ፍቅር የተጻፈውን ሳነብ ዘወትር የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ ነገሩን «የጦረኝነት ባህል» በሚል ቃል ይዘጉታል። ባህል ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ታሪክ ጸሐፊው መጠየቅ ያቆመበት ቦታ ነው። አንድ ሕዝብ የመረጠውን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ያልመረጠውንም ብንመለከት ከፍቅሩ በስተጀርባ ያለው ስሌት ይታየናል። ስሌቱ ሲታየን ደግሞ በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በቢቸና የሆነውን ነገር ከተለመደው በተለየ ዓይን እናየዋለን።

በመጀመሪያ ያልተመረጠውን እንረዳ። የውሃ አእዋፍን የሚያድን ሰው መሣሪያ ሲመርጥ የሚያስባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ዳክዬና ዝይ በክንፍ ላይ ሳሉ የሚመቱ፣ በመንጋ የሚመጡና ፈጥነው የሚያልፉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ወፍራም አረር ሳይሆን በአየር ላይ የሚበተኑ ብዙ ጥቃቅን እርሳሶች ያስፈልጋሉ። የእነዚህ ጉልበት ከ40 ሜትር ገደማ በላይ እምብዛም አያገለግልም። መንጋው ከማለፉ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መተኮስ ስለሚያስፈልግ ፍጥነት ይፈለጋል። የብራውኒንግ ፈጠራ ይህንን መለሰ። ጥይቱ ሲተኮስ በሚፈጠረው ግፊት አፈሙዙ ራሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ባዶውን ቀለህ ይተፋና አዲሱን ያጎርሳል። ተኳሹ ዓይኑን ከወፉ ሳይነቅል አምስት ጊዜ ይተኩሳል። ለቀላልና ለከባድ ጥይት የሚስማሙ የውስጥ ቀለበቶችም አሉት፤ ባለቤቱ እንደ ጥይቱ ክብደት ያስተካክላቸዋል። ዝናብ፣ ጭቃና ረግረግ የአዳኙ የሥራ ቦታ ስለሆኑ ጽናቱም ይመረመራል። በአሜሪካ መሣሪያው እጅግ ከመስመሩ የተነሣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ተሰዳጅ የውሃ አእዋፍን የሚያድን ሰው ከሦስት ጥይት በላይ በጠመንጃው እንዳይጭን ከለከለ። ይህችን ነገር አስታውሱልኝ። በዚያ አገር መንግሥት በጠመንጃ ሆድ ያለውን ጥይት የቆጠረው ለዳክዬዎች ብሎ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቢቸናና ሞጣ በጮቄ ተራራ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ወገን፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ በላይ የተዘረጉ ደጋዎች ናቸው። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞችና ጅረቶች ብዙ ናቸው፤ በክረምት ረግረጉና ጨፌው ውሃ ያዘላል። በኢትዮጵያ ደጋ ረግረጎች የሚኖር፣ ከዚህ አገር ውጭ የማይገኝ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይም አለን። ወደ ምዕራብ ስንሻገር ጣና አለ። የጣና ዳርቻና የፎገራ ሜዳ በአውሮፓ ክረምት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኛ ዳክዬዎችን ያስተናግዳሉ። እንግዲህ የጎደለው ወፍ አይደለም።

የጎደለው የሚበላው ሰው ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ልማድ ዳክዬና ዝይ ከማይበሉት ወገን ናቸው። የሚበሉት የዱር አእዋፍ ቆቅና ጅግራ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ እንደ ሌላው እንስሳ ሁሉ በስመ ሥላሴ መባረክና መታረድ አለባቸው። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ በክት አይበላም። ስለ መሣሪያ ምርጫ በሚያወራ ንግግር በክት የሚለው ቃል ዋና ቃል መሆኑ ሊያስደንቃችሁ ይችላል። ነገር ግን አስቡት፤ የሾትገን ሙያ ወፉን በአየር ላይ ገድሎ መጣል ነው። ወፉ ምድር ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች። ቆቅ የመታ ገበሬ ቢላዋውን መዝዞ የሚሮጠው ሕይወቷ ሳይወጣ ለመድረስ ነው። ለዚህ ሰው ወጥመድና ወንጭፍ ከኤርስታል ፋብሪካ ድንቅ ፈጠራ ይልቅ ለማዕድ የቀረቡ መሣሪያዎች ናቸው። ዋጋቸውም የገመድና የድንጋይ ነው።

ክብሩስ? በአገራችን አደን ከማዕድ ይልቅ ከማዕረግ ጋር የተያያዘ ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሎ ይፎክራል፤ ስሙም ይለወጣል። በዳክዬ ግዳይ የሚፎክር ሰው ግን በጎጃም ምድር ተፈልጎ አይገኝም፤ ቢገኝም ሳቅ ይከተለዋል። ስለዚህ የወፍ ጠመንጃ ለገበታም ለአደባባይም አልሆነም።

በጎጃም የወፍ ጠመንጃ የተሸከሙት እንግዶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ልጥቀስ። ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ ተቀምጧል። ቺዝማን የአእዋፍ ሊቅም ነበር። የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ተጉዟል፤ ጣናን ዞሮ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው መጽሐፉም ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የሰበሰባቸው አእዋፍ በሳይንስ መጽሔት ተመዝግበዋል። በዚያ ዘመን የአእዋፍ ሊቅ ወፍን የሚያጠናው ተኩሶ ጥሎ፣ ቆዳውን ገፎ፣ ጭድ ሞልቶ ወደ ቤተ መዘክር በመላክ ነበር። ያን ተግባር ከአፋፉ ላይ ሆኖ ያየ የጎጃም ገበሬ ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። የማይበላ ወፍ በውድ ጥይት የሚገድል፣ ገድሎም የማይፎክር ሰው እንቆቅልሽ ነው።

ከዚህ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ፣ በራሱ ትረካ እንደሚለው፣ የመኳንንቱን አድናቆት ያተረፈው ጠመንጃውን የሞራ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻ አንድ ላይ በመብሳት ነው። ስኮትላንዳዊው ጉራ ይወዳል፤ ትረካውንም በዚያ ልክ ማንበብ ይገባል። ቢሆንም የአድናቆቱ መመዘኛ ለእኛ ጠቃሚ ነው። የተጠየቀው ጥያቄ «ስንት ወፍ ይጥላል?» የሚል ሳይሆን «ጋሻ ይበሳል ወይ?» የሚል ነበር።

አሁን ወደ ተመረጠው እንለፍ፤ ነገሩ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለኢትዮጵያ የመሣሪያ ጎርፍ ዘመን ነበር። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ሲሸነፉ ረሚንግተን ጠመንጃዎቻቸውን ጥለው ሄዱ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የተባለውን ጭስ አልባ ጠመንጃ ስትቀበል እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነውን ግራ የተባለ አሮጌ መሣሪያዋን በገፍ ለገበያ አወጣች። በፈረንሳይኛ ጠመንጃ ፉዚ ነው፤ ፉዚ ግራ የሚለው አጠራር በአገራችን ጆሮ አልፎ ውጅግራ ሆነ። ማንሊከር ምንሽር፣ አልቢኒ አልቤን፣ ስናይደር ሰናድር ሆኑ። የቋንቋ ተማሪዎች እዚህ ብትኖሩ ይህ ለእናንተም የሚሆን ጉዳይ ነው፤ ሕዝብ ስም የሚያወጣው ለሚጠቀምበት ነገር ነውና። በመሣሪያና በመሳፍንት ሥልጣን መካከል ስላለው ግንኙነት ሪቻርድ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ጥናት አሁንም መነበብ አለበት።

ጎጃም በዚህ ጎርፍ ውስጥ የነበረው ቦታ አስቸጋሪ ነበር። የባሕር በር ከጎጃም ሩቅ ነው። ከምጽዋ የሚመጣው በትግራይና በጎንደር፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ደግሞ በሸዋ ያልፋል። በእያንዳንዱ እጅ ዋጋው ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ኬላም ፈቃድ ይጠየቃል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በምኒልክ ከተሸነፉ በኋላ ከዓባይ ማዶ ያለውን የደቡብ ንግድ የመቆጣጠር ተስፋቸው ተቋረጠ። ንግዱ ሲሄድ ጠመንጃ የሚገዛበትም ሀብት አብሮ ሄደ። ከ14 ዓመት በኋላ የጎጃም ጦር በንጉሡ መሪነት ለዐድዋ ሲዘምት ከሌላው ጋር የቆመው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ስለዚህ ለምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የአንድ ገዢ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ትውልድ ሁሉ ግዢ ነበር። በሬ ተሽጦ ይገዛል፤ ሲሸጥም ሌላ በሬ ይገዛል። እንዲህ ያለ ግዢ በስሜት አይፈጸምም።

ታዲያ ገዢው ምን ያይ ነበር? ከሁሉ አስቀድሞ ጥይቱን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎችም አሳይተዋል። ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የውጅግራ ጥይት የዝርዝር ገንዘብ ነበር። ገበያ ለመውጣት ዝናር የታጠቀ ሰው በአንድ ወገቡ ላይ ጦሩንም ቦርሳውንም ይዟል ማለት ነው። የዚህ ትርጉም ለመሣሪያ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የያዘው ጠመንጃ ጥይቱ በየገበያው ይሻራል፣ ይለወጣል፣ ይበደራል። ማንም ያልያዘው ጠመንጃ ጥይት ግን የማይመነዘር ገንዘብ ነው። የሾትገን ጥይት በቢቸና ገበያ ምን ይገዛል? ምንም። ደግሞም እስከ እ.ኤ.አ. 1960 ገደማ ድረስ የሾትገን ጥይት ልባሱ ወረቀት ነበር፤ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። የጎጃምን ክረምት የምታውቁ ሰዎች ስለ ቀሪው እኔ ባልናገርም ይገባችኋል።

ቀጥሎ ቀለሁ ይታያል። ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሲተኮስ ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያሳብቃል። በወታደር ዓይን ለበል ወይም ሞዘር ይበልጠዋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የውጅግራ የናስ ቀለህ ተሰብስቦ በአገር ባሩድና በቀለጠ እርሳስ እንደገና ሊሞላ ይችል ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ግን የፋብሪካ ሥራ ነው፤ አገር ቤት አይቀመምም። አዲሱን መሣሪያ የመረጠ ሰው ከባሕር ማዶ ካለ ፋብሪካና ያንን መንገድ ከሚቆጣጠር መንግሥት ጋር ራሱን አሰረ። አሮጌውን ይዞ የቆየው ደግሞ ከጎረቤቱ ቀጥቃጭ ጋር ቆየ። ከተሜ ጸሐፊዎች ውጅግራ ለረጅም ጊዜ መቆየቱን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ሲያቀርቡት ይህንን ስሌት ዘለውታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ምርጫዎች ብልህ ነበሩ፤ የተለያየው የሚፈሩት ነገር ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። የዓባይ ሸለቆ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በዚህ መሬት ላይ ጠላት የሚታየው ከማዶ ነው። የከብት ዘራፊም ሆነ ባለ ደም ከሸንተረር ባሻገር ነው የሚታየው። አርባ ሜትር የሚደርስ መሣሪያ እዚህ ከዱላ ብዙም አይሻልም።

አራተኛውን ለተማሪዎች ሳስረዳ ብዙ ጊዜ እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም የጦርነት ጉዳይ አይደለም። ጠመንጃ በለቅሶ ላይ ይወጣል። ሟቹ የተከበረ ሰው ከሆነ ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ፈረሱና ልብሱ በለቅሶው አደባባይ ይታያሉ፤ ሙሾ አውራጅዋም እያነሣች ታስለቅስበታለች። በልጅነቴ የቢቸናን ለቅሶ ያየሁ ሰው እንደመሆኔ የማስታውሰው ሰዎች መሣሪያውን የሚያዩበትን ዓይን ነው፤ የሟቹን ታሪክ የሚያነቡት ከሰደፉ ላይ ነበር። ይህ ጠመንጃ የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ዘመቻ እንደተገኘ፣ ለማን እንደሚተላለፍ ሁሉም ያውቃል። ይህ ደግሞ በቀጥታ ከርስት ጋር ይገናኛል። አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ በጎጃም ርስት የሚገኘው ከዋና አባት በመወለድ ነው፤ በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠራል። መብቱ በወረቀት ላይ የተጻፈ ሳይሆን በሰዎች ትውስታና በክርክር የሚጸና ነው። እንግዲህ መብቱ በትውስታ ለሚቆም ሰው፣ አባቱ በአደባባይ የታየበት ጠመንጃ የዘር ሐረጉ ምስክር ነው። የቆመ ምስክር፣ የሚተኮስ ምስክር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ስሌቱ ሁሉ ተገለበጠ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ክልከላው የጎዳው ፋብሪካ የሌላትን አገር ብቻ ነበር። ጦሩ ሲፈታ ቤልጅግ የያዘው ወታደር መሣሪያውን ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ነገር ግን የቤልጅግ ጥይት 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲስ ጥይት የሚመጣበት መንገድ ተዘግቷል። ጠላት የያዘው ካርካኖ ደግሞ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አርበኛው እንግዳ ምርጫ ገጠመው። ጥሩውን ጠመንጃ ይዞ ጥይት ይለምን? ወይስ የጠላቱን ጠመንጃ ማርኮ ጠላቱን ራሱን የጥይት አቅራቢ ያድርገው? በቢቸና አካባቢ የተነሣው የበላይ ዘለቀ ጦር ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ ሰፊ አገር ለመያዝ የቻለው በምርኮ እየታጠቀ ነው። የፉከራው ግጥም ቤልጅግን ሲያወድስ የውጊያው ዝናር በምርኮ ጥይት መሙላቱ የታሪክ ምጸት ነው። ይሁን እንጂ ምጸቱን ብቻ አይተን አንለፍ። በአርበኝነት ዘመን መሣሪያ የማግኛው መንገድ ተለውጧል። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ከጌታ ይሰጥ ወይም በበሬ ይገዛ ነበር፤ አሁን ገበሬው ራሱ፣ በራሱ ደም፣ ከመንግሥት ጦር የወሰደው ሆነ። የማንም ስጦታ አይደለም። የማንም ስጦታ ያልሆነ ነገር ደግሞ ማንም የሚመልሰው አይሆንም። በላይ ዘለቀ ራሱ ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሲቀጣ፣ ያንን ዜና የሰማ የቢቸና ሰው ስለ መሣሪያውና ስለ መንግሥቱ ምን እንደደመደመ አስቡት።

እንግዲህ ወደ 1960 ዓ.ም. ደረስን። ታሪኩን በአጭሩ ታውቁታላችሁ። በ1930ዎቹ የወጣውን የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃም በዐመፅ ጭምር ተቃውሞ፣ የመሬት ልኬትን አስቀርቶ ነበር። የፈራው ከደቡብ አገር የሰማውን ነው፤ በዚያ ቀላድ የተጣለበት መሬት ብዙ ጊዜ ባለቤት ለውጧል። በ1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ገቢ ግብርን ሲያውጅ፣ ገማቾች ወደየቀበሌው ሊገቡ ሆነ። በሞጣ፣ በቢቸናና በደብረ ማርቆስ አውራጃዎች ገበሬው ገማቾቹን አናስገባም አለ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ በመጨረሻም አውሮፕላን መንደሮችን ደበደበ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የቆየው የግብር ውዝፍ ተማረ። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ዐመፅ በሰፊው ተንትኖታል፤ ከእርሱ ያልተማረ የዘርፉ ተማሪ የለም።

በገበሬዎቹ አቤቱታ ውስጥ ከግብሩ ጎን አንድ ሌላ ቅሬታ አለ፤ የጦር መሣሪያ ምዝገባና ለምዝገባው የሚጠየቀው ክፍያ። ብዙዎቻችን ይህንን እንደ ተጨማሪ ብሶት እንቆጥረዋለን፤ ዋናው መሬት ነው፣ መሣሪያው ማባባሻ ነው እንላለን። እኔ በዚህ ላይ ከተለመደው አነባበብ እለያለሁ። እስካሁን ያልኩት ትክክል ከሆነ፣ ለሞጣ ገበሬ ገማቹና መዝጋቢው ሁለት ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ርስቱን ሊጽፍ መጣ፣ ሌላው የርስቱን ምስክር ሊጽፍ መጣ። በቃልና በትውስታ የቆመውን መብት ወደ መዝገብ ማዛወር ማለት ነገ መዝገቡን የያዘው ሰው ሊሰርዘው ይችላል ማለት ነው። ያ ፍርሃት መሠረት የለሽ አልነበረም። የምዝገባው ክፍያም ቢሆን በገንዘብ መጠኑ ብቻ የሚለካ አይደለም። ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ባለቤት ለገዛ ምርኮው ፈቃድ እንዲከፍል ሲጠየቅ፣ የተጠየቀው ባለቤትነቱን እንዲክድ ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። መሣሪያ የመመዝገብ መብት የሌለው መንግሥት ምን መንግሥት ነው? የገበሬው ጠመንጃ የገበሬውን ጎረቤት፣ የደም ባላጋራውን፣ የመንገዱን ነጋዴም ይገድል ነበር። ይህንን መካድ አልችልም፤ ስለ ጠመንጃ ክብር ብቻ የሚጽፉ ሰዎች የሟቾቹን ቤት ዘለው ነው የሚያልፉት። ቂም በቀል በምሥራቅ ጎጃም የጨረሳቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚያ ቤቶች የወጡ ልጆችም ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሊኖሩ ይችላሉ። ጥያቄዬ መንግሥት ይቁጠር ወይስ አይቁጠር የሚል አይደለም። የሚቆጥረው ስለ ማን ብሎ ነው የሚል ነው። ቀደም ብዬ አስታውሱልኝ ያልኳችሁ የአሜሪካ ደንብ የጠመንጃውን ጥይት የቆጠረው ዳክዬዎቹ ለከርሞ እንዲተርፉ ነው፤ አዳኙም ቢያጉረመርም ምክንያቱ ይገባዋል፤ የሚተርፈው ወፍ ለእርሱም ነውና። በሞጣ የመጣው ቆጣሪ ግን ከገማቹ ጋር በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ገዥ ትእዛዝ ነው የመጣው። ገበሬው ደም ለማድረቅ መጣ ብሎ እንዲያምነው የሚያደርግ ምንም ምልክት አልነበረም።

ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ በመጨረሻ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ገባ፤ የገባው ግን በአዳኝ ትከሻ አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት በኋላ ስምንት ጥይት የሚጎርሰው ኤም ዋን በመንግሥት ወታደር እጅ መጣ። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ደርግ ገበሬውን ለሚሊሺያ ሲመለምልና ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞር ሲሞኖቭና ክላሽንኮቭ ተከተሉ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ውጅግራው፣ ምንሽሩና ቤልጅጉ ከትከሻ ወርደው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ።

የወረዱበት ምክንያት ፍጥነት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ኤም ዋንም ፈጣን ነው፤ ሆኖም እንደ ክላሽ በየቤቱ አልገባም። የኤም ዋን ጥይት ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ አሜሪካ ስትሄድ አብሮ ሄደ። ሲሞኖቭና ክላሽ ግን የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው፤ የአንዱ ባለቤት ለሌላው ያበድራል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል። የውጅግራ ጥይት በሚዘረዘርበት ዘመን የኖረ የቢቸና ቅድመ አያት ይህንን ቢሰማ ማብራሪያ ባላስፈለገው ነበር።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።